ደጅ መዋል ሌላ፣ ደጅ ማደር ሌላ

ጫጩት ያሳደገ ሁሉ የሚጠይቃት ጥያቄ አለች፦ «በስንት ቀናቸው ላውጣቸው?» መልሱ ብዙ ጊዜ ቁጥር ሆኖ ይመጣል። አንዱ 30 ቀን ይላል፣ ሌላው 45 ይላል፣ ሦስተኛው ሁለት ወር ሳይሞላቸው እንዳትሞክሪው ይላል። ሦስቱም እንደ ወሩና እንደ ግቢው ልክ ሊሆኑም ሊሳሳቱም ይችላሉ፤ በአንድ ቃል የተጠየቀው ነገር ሁለት ነውና። ጫጩት ቀን ደጅ መዋሏ አንድ ጉዳይ ነው፤ ሌሊት ደጅ ማደሯ ሌላ ጉዳይ ነው። የሦስት ሳምንት ጫጩት እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በሞላበት ሣር ግማሽ ሰዓት ብትጫጫር ምንም አትሆንም። ያቺው ጫጩት በዚያው ግቢ አንድ ሌሊት ብታድር ግን አይነጋላትም።

ይህ ጽሑፍ መሀል አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ቂርቆስ ባለው ሰፈር፣ በጠባብ ግቢ ወይም በበረንዳ ከ5 እስከ 50 ጫጩት ለሚያሳድግ ሰው ነው።

ከሌሊቱ እንጀምር። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ስለሚጠራ መሬት ቀን የጠጣችውን ሙቀት የሚይዝላት ደመና የለም፤ ቀትር ላይ 22 እና 23 ዲግሪ የነበረ ግቢ ንጋት ላይ 7 ወይም 8 ዲግሪ ይሆናል፣ አንዳንድ ቀን ወደ 5 ይጠጋል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ለሰው ነው፤ ጫጩት ደግሞ አጥንት የሚሰጣት የለም። ክረምት ላይ ሌሊቱ ያን ያህል አይወርድም፣ 10 ወይም 11 ዲግሪ አካባቢ ይቆማል፣ ነገር ግን ሁሉ ነገር እርጥብ ነው። የረጠበ ላባ ደግሞ ሙቀት አይዝም። ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ለጫጩት ከሁሉ የተሻለ ነው፤ የበልግ ዝናብ ድንገት ሲመጣ ብቻ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ስልክ ላይ የሚታየው የአየር ሁኔታ ቁጥር የእናንተን ግቢ አይለካም። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈሳል፤ ስለዚህ ቀበና ወንዝ ዳር የተኛ ግቢ ከላይ ጉብታው ላይ ካለው ግቢ ይበልጥ ይበርዳል። በፎቅ ቤት የተከበበ ግቢ ንፋስ አይገባውም፣ ግን ፀሐይም ዘግይታ ትደርስበታለች። ስለዚህ ቴርሞሜትር ግዙ። ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን መዝግቦ የሚያቆይ ዲጂታል ከሆነ በጣም ጥሩ፤ ተራ የግድግዳ ቴርሞሜትርም ይበቃል፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ማንበብ ብቻ ይጠይቃል። የሚሰቀለው በሰው ቁመት አይደለም። ከወለሉ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ጫጩቶቹ ጀርባ በሚደርስበት ልክ መሆን አለበት። በሰው ደረትና በወለል መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ክፍል ውስጥ እንኳ ብዙ ዲግሪ ሊሆን ይችላል።

ሙቀት ለምን እንደሚያስፈልጋቸው የገባው ሰው ሌላውን ራሱ ይደርስበታል። አዲስ የተፈለፈለች ጫጩት የሰውነቷን ሙቀት ራሷ መጠበቅ አትችልም። የለበሰችው ለስላሳ ጠጉር ነው፤ ጠጉሩ ነፋስን አይከላከልም፣ ውሃም አይከላከልም። ሰውነቷ ሙቀቱን በራሱ ማስተካከል የሚጀምረው ወደ ሁለት ሳምንት ሲጠጋ ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን የሚያመነጨውን ሙቀት የሚይዝላት ላባ ገና አልወጣም። ክንፍና ጅራት ቀድመው ላባ ያወጣሉ፣ ቀጥሎ ትከሻና ደረት፣ ከዚያ ጀርባ፤ አንገት፣ ሆድና ከክንፍ ሥር ያለው ቦታ በመጨረሻ ይደርሳሉ። ለዚህ ነው ክንፋቸው አምሮ «አደጉ» ያሰኙ የአራት ሳምንት ጫጩቶች በአንድ ውርጭ ሌሊት የሚያልቁት።

በመጀመሪያው ሳምንት በማሳደጊያ ሳጥናቸው ውስጥ፣ አምፖሉ ሥር፣ ከጀርባቸው ልክ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ያስፈልጋቸዋል። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል፦ በሁለተኛው ሳምንት 30፣ በሦስተኛው 27፣ በአራተኛው 24፣ በአምስተኛው 21። ይህ የሚለካው ሙቀት ባለበት ቦታ እንጂ በሳጥኑ ውስጥ ሁሉ አይደለም። የሳጥኑ ሌላኛው ጫፍ ቀዝቀዝ ማለት አለበት፤ ሲሞቃቸው የሚሸሹበት ቦታ ከሌላቸው እሳቱም እንደ ብርዱ ይገድላል።

ከቴርሞሜትሩ በላይ የሚታመኑት ግን ጫጩቶቹ ናቸው። ሲበርዳቸው አምፖሉ ሥር ተከማችተው፣ ከፍ ባለ ድምፅ ያለማቋረጥ ይጮኻሉ። ሲሞቃቸው ዝም ይላሉ፣ ከአምፖሉ ሸሽተው ግድግዳ ይይዛሉ፣ ክንፋቸውን ከሰውነታቸው ያርቃሉ፣ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። ሁሉም በአንድ ጎን ብቻ ከተሰበሰቡ ከሌላው ጎን ነፋስ እየገባ ነው፤ ሙቀት ከመጨመር በፊት ቀዳዳውን መፈለግ። በደህና ጊዜ እንደ ተዘራ እህል እዚህም እዚያም ተበትነው፣ አንዳንዱ እግሩን ዘርግቶ ተኝቶ፣ አንዳንዱ እየበላ ታገኟቸዋላችሁ። ፊንጢጣቸው በደረቀ ኩስ ሲደፈንም አንዱ ዋና ምክንያት ብርድ ወይም ሙቀት መብዛት ነው፤ በሞቀ ውሃና በጨርቅ አለስልሶ ማጽዳት እንጂ መንጨት አይገባም፣ ቆዳው አብሮ ይላጣል።

አሁን ወደ ደጅ መዋል። ከሁለት ሳምንት ተኩል ጀምሮ፣ ዝናብ በሌለበት፣ ነፋስ በማይበረታበት ቀን፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ማውጣት ይቻላል። የመጀመሪያው ቀን 20 ደቂቃ ይበቃል፤ በየቀኑ እየጨመራችሁ በአራተኛው ሳምንት ሦስትና አራት ሰዓት ይቆያሉ። ግማሹ ጥላ፣ ግማሹ ፀሐይ ይሁን። የዚህ አገር ቀትር ብርቱ ነው፤ ጫጩቶችን በካርቶን አድርጎ ፀሐይ ላይ መተው ከብርዱ የከፋ ስህተት ነው፣ ካርቶኑ ውስጥ አየሩ ስለማይንቀሳቀስ ቶሎ ያፍናቸዋል። ውሃ አብሮ ይውጣ። ሣር መቀንጠስ ከጀመሩ ለመፍጨት ደቃቅ ጠጠር ወይም ሻካራ አሸዋ ጥቂት በዕቃ አስቀምጡላቸው።

መሬቱን አስተውሉ። የመሀል ከተማ ግቢ አብዛኛው ሲሚንቶ ወይም ንጣፍ ድንጋይ ነው፤ እስከ ረፋድ ድረስ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ይዞ ይቆያል፣ ከእግራቸውና ከሆዳቸው ሙቀት ይመጥጣል። የተዘረጋ ማዳበሪያና በላዩ ጭድ መፍትሔ ነው። አፈር ካለ ደግሞ ባለፈው ዓመት ወይም አሁን ትልልቅ ዶሮዎች የሚውሉበት አይሁን፤ አፈሩ ውስጥ የሚቆየው ተውሳክ ለጫጩት ከባድ ነው።

ከላይ ሳይሸፈኑ መተው አይሆንም። ጭልፊትና ቁራ በዚህ ከተማ ሰማይ ላይ የማይጠፉ ናቸው፣ የሦስት ሳምንት ጫጩት ደግሞ ለሁለቱም ቀላል ሸክም ናት። በሞራሌ የተሠራ 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ፣ ከላይም ከጎንም ሽቦ የለበሰ ቀላል ሳጥን ለ15 ጫጩት የቀን መዋያ ይሆናል፤ ከታች ክፍት ስለሆነ በየቀኑ ቦታውን መለወጥ ይቻላል። ሽቦው ላይ አትቆጥቡ። ሰፊ ቀዳዳ ያለው ተራ የዶሮ ሽቦ ትልቅ ዶሮን ከውስጥ ይይዛል እንጂ አይጥን ከውጭ አይከለክልም። ከ1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያልበለጠ ቀዳዳ ያለውን፣ የተበየደውን ሽቦ ፈልጉ።

እስካሁን ያለው ቀላሉ ነው። ማደሩ ነው ጥንቃቄ የሚፈልገው።

ደጅ ለማሳደር ጫጩቷን እጃችሁ ላይ አንሱና ላባውን ነፋ ነፋ አድርጋችሁ እዩ። ጀርባዋ፣ ደረቷና ትከሻዋ ላይ የልጅነት ጠጉር ቀርቷል? ክንፏን ግለጡት፣ ሥሩ ቆዳው ራቁቱን ነው? ሆዷስ? ከክንፍ ሥር ትንሽ ቢጎድል ይታለፋል፣ ጀርባና ደረት ግን ሙሉ መሆን አለበት። ይህ ለእንቁላል ዝርያዎች፣ ለምሳሌ ለቦቫንስ ብራውን፣ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ሳምንት ይደርሳል። የሥጋ ዝርያዎች ሰውነታቸው ከላባቸው ይቀድማል፤ ኪሏ ያስደስታል፣ ሆዷ ግን ገና ራቁት ነው፣ ሰጋቱራው እርጥብ ከሆነ ብርዱ በቀጥታ ይገባታል። የምትፈትሹት ደግሞ ትልቋንና ጎበዟን አይሁን። ከሁሉ ያነሰችውን፣ ላባዋ የዘገየውን ያዙና ለእርሷ ወስኑ።

ሙቀት ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚለውን እኔ በበዓል እቆጥረዋለሁ፤ በዚህ ከተማ ጫጩት የሚገዛው ሰው ብዙ ጊዜ በዓሉን አስቦ ነውና። ለእንቁጣጣሽ የሚደርስ ዶሮ የአንድ ቀን ጫጩት ሆኖ የሚገባው በሰኔ መጀመሪያ ነው። ስድስት ሳምንት ሲሞላው ሐምሌ አጋማሽ ይሆናል፣ ማለትም ዝናቡ በበረታበት። ያን ጊዜ ጠላቱ ብርዱ ሳይሆን ውሃው ነው፦ ሳጥኑ ደረቅ ከሆነና ላባ ከሞላ፣ ሙቀት ሳይጨመር ማደር ይችላሉ፤ ሳጥኑ የሚያፈስ ከሆነ አምፖል አያድናቸውም። ለገና የሚደርሰው በመስከረም መጨረሻ ይገባል፣ ስድስት ሳምንቱ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ይሞላል። ይህ ከሁሉ ከባዱ ነው። ንጋቱ 7 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ከሞቀ ክፍል በቀጥታ ወደ ደጅ ማውጣት አይቻልም፤ ወይ እስከ ሰባትና ስምንት ሳምንት ቤት ውስጥ ይደሩ፣ ወይ ሳጥኑ በጭድ የታሸገ ይሁን፣ ወይ ለመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ጥቂት ሙቀት ይጨመርላቸው። ለፋሲካ የሚደርሰው በጥር ይገባል፣ የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት ላይ ይወጣል፣ እርሱን በአምስት ሳምንት ተኩል ያለ ስጋት ማውጣት ይቻላል።

እንደ መነሻ የምይዘው መጠን ይህ ነው፦ ጫጩቶቹ ትናንት ያደሩበት ቦታ ንጋት ላይ ስንት ዲግሪ ነበር? ዛሬ የሚያድሩበትስ? ልዩነቱ ከ6 ዲግሪ ከበለጠ በአንድ ሌሊት አታሻግሯቸው። በመካከል ሌላ ማደሪያ ፈልጉ፤ የተዘጋ በረንዳ፣ ዕቃ ቤት፣ የደረጃ ሥር፣ ሁሉም ይሆናል።

ሙቀቱ ከየት ይምጣ? ቤት ውስጥ ያለው ኤልኢዲ አምፖል ብርሃን እንጂ ሙቀት አይሰጥም፤ ይህን ሳያውቁ አምፖል በርቷል ብለው የሚተኙ አሉ። የሚያስፈልገው ቀዩ ኢንፍራሬድ አምፖል ወይም የድሮው ባለ ክር አምፖል ነው። የ250 ዋት ኢንፍራሬድ ለ12 ሰዓት ሲበራ 3 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ በካርድ ቆጣሪ ላይ ወዲያው ይታያል። ለ10 እና ለ15 ጫጩት፣ ሳጥኑ ትንሽና የተሸፈነ ከሆነ፣ ከ60 እስከ 100 ዋት ያለው ባለ ክር አምፖል ይበቃል። ኢንፍራሬዱ መጀመሪያ ከሰጋቱራው ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይሰቀልና ጫጩቶቹ እያደጉ ሲሄዱ ከፍ ይደረጋል። የአምፖሉ መያዣ ሸክላ ይሁን፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። የሚሰቀለውም በሽቦ ወይም በሰንሰለት ነው፤ በራሱ ኤሌክትሪክ ገመድ ተንጠልጥሎ የወደቀ አምፖል ሰጋቱራ ላይ እሳት ነው፣ የሰፈሩ ቤት ደግሞ ግድግዳው እርስ በርሱ የተያያዘ ነው።

ከሰልን በተመለከተ ግልጽ ልሁን። መብራት ሲጠፋ የከሰል ምድጃ ጫጩቶቹ ክፍል ማስገባት የተለመደ ነው፤ «ጭሱ ካለቀ በኋላ ነው የማስገባው» ይባላል። ገዳዩ ግን ጭሱ አይደለም። የተቀጣጠለ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ ፍሙ በደንብ ከቀላ በኋላም ይወጣል። በተዘጋ ክፍል ጫጩቶቹንም አብሮ የተኛውን ሰውም ይወስዳል። ስለዚህ ከሰል ሌሊት አይግባ። በከሰሉ ውሃ አሙቁበትና ውሃውን አስገቡት።

ይህ ቀላል ዘዴ ከሚገባው በታች ነው የሚታየው። የ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን በሞቀ ውሃ ሞልታችሁ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ በአሮጌ ፎጣ ወይም ጆንያ ሁለት ጊዜ ጠቅልላችሁ በሳጥኑ አንድ ጎን አስቀምጡት። ከ80 ወደ 30 ዲግሪ እስኪወርድ ድረስ የሚለቀው ሙቀት የ50 ዋት አምፖል በ6 ሰዓት ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው። የሚዋጣው ግን ሳጥኑ ትንሽና የታሸገ ከሆነ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት አንድ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሌላ፤ ቴርሞስ ላይ የፈላ ውሃ ካደረ ሌሊት ማፍላትም አያስፈልግም። ሃይላንድ ላይ በጣም የፈላ ውሃ አትጨምሩ፣ ፕላስቲኩ ይጨማደድና ክዳኑ ያፈሳል፣ የረጠበ ጉዝጓዝ ደግሞ ከብርዱ ይብሳል።

ሙቀት ማቋረጥ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም፣ ሳምንት ይፈጃል። መጀመሪያ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ይጠፋል፣ ሁለት ቀን እንዲህ ይቆያል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ይጠፋና ሲመሽ ይበራል። ቀጥሎ ማምሻውን ጠፍቶ ይቆይና ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ማለዳ 1 ሰዓት ብቻ ይበራል። የሌሊቱ ብርድ የሚከፋው ከምሽቱ ሳይሆን ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ነውና መጨረሻ ላይ የሚቀረው ያ ሰዓት ነው፤ ርካሽ የሰዓት መቆጣጠሪያ ሶኬት ይህን ያለ እንቅልፍ ማጣት ይሠራዋል። በመጨረሻ ሦስት ሌሊት ሙሉ ያለ ሙቀት፣ ግን ቤት ውስጥ፣ በዚያው በለመዱት ሳጥን ይደሩ። ሦስቱን ሌሊት ሳይጮኹ፣ ሳይደራረቡ ካደሩ ለደጅ ደርሰዋል። በአንዱ ሌሊት ክምር ብለው ከተገኙ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ መልሱ።

የማደሪያ ሳጥኑ ሁሉን ነገር ይወስናል። ሰው ለጫጩት ሰፊ ቤት መስጠት ደግነት ይመስለዋል፤ ለቀን እውነት ነው፣ ለሌሊት ግን ሰፊ ቤት ቀዝቃዛ ቤት ነው። እያንዳንዷ ጫጩት ትንሽ ምድጃ ናት፤ ምድጃዎቹ የሚያሞቁት አየር ባነሰ ቁጥር ሌሊቱ ይቀላል። ለ10 የስድስት ሳምንት ጫጩቶች 50 በ60 ሳንቲ ሜትር ወለልና 40 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይበቃል፤ ይህን ሳጥን በትልቁ የዶሮ ቤት ውስጥ አስገቡት። አምስት ጫጩት ብቻ ካላችሁ ሳጥኑን በካርቶን አጥብቡት። ጥቂት ጫጩት ከብዙ ጫጩት ይበልጥ ይበርዳታል፤ ለሃያዎቹ የማያስፈልገው ሙቀት ለአራቱ ሊያስፈልግ ይችላል።

በአገራችን የግብርና ባለሙያዎች ሃይ ቦክስ የሚሉት፣ ያለ መብራት ጫጩት ማሳደጊያው ሳጥን የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው። ውጫዊ ሳጥንና ውስጣዊ ሳጥን ይኖራል፣ በመካከላቸው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተዋል፣ ክፍተቱ በደረቅ ሣር ወይም በጤፍ ጭድ ጥቅጥቅ ተደርጎ ይሞላል፤ ክዳኑ ላይም ጭድ የተሞላ ማዳበሪያ እንደ ትራስ ይደረጋል። የጫጩቶቹ የራሳቸው ሙቀት ከውስጥ ይቀራል። ኮምፔርሳቶ ከተወደደ ሁለት ካርቶን፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ፣ ለአንድ ወቅት ያገለግላል። ከክዳኑ ሥር፣ በላይኛው ጠርዝ፣ ነፋስ ከማይመጣበት ወገን፣ የሁለት ጣት ስፋት ያላቸው አራት ወይም አምስት ቀዳዳዎች ይኑሩ። ሙሉ በሙሉ የተደፈነ ሳጥን ውስጡ ያልበዋል፤ ላቡም ላባ ያረጥባል፣ የኩሱ ጠረን ሳንባ ይጎዳል። ማለዳ ክዳኑን ስትከፍቱ ፊታችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ዓይናችሁን ከቆጠቆጠ ጉዝጓዙ መለወጥ ነበረበት ማለት ነው።

የቆርቆሮ ቤት ላይ አንድ ማሳሰቢያ። ቆርቆሮ ሌሊት ከውጭው አየር እኩል ይቀዘቅዛል፤ የጫጩቶቹ ትንፋሽ ከውስጥ ይነካውና ጠል ሆኖ ንጋት ላይ በጀርባቸው ላይ ይንጠባጠባል። ዝናብ ሳይኖር ጫጩቶቹ ረጥበው ከተገኙ ምክንያቱ ይህ ነው። የድሮ ቤቶች አቡጄዲ ኮርኒስ እንደነበራቸው ሁሉ፣ ከቆርቆሮው ሥር አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ ማዳበሪያ ቢወጠር ችግሩ ያበቃል።

ጉዝጓዙ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ደረቅ ሰጋቱራ ይሁን። ከእንጨት ቤት ስታመጡ ከጣውላ መላጊያው የወጣውን ጥቅል ጥቅል ያለውን ምረጡ፤ ዱቄት የመሰለው ያስነጥሳቸዋል፣ የሚበሉትም አሉ። የኤምዲኤፍ ብናኝና ቀለም የነካው ጨርሶ አይሆንም። ጋዜጣ ብቻውን መሬት ላይ ማንጠፍም አይመከርም፣ ያንሸራትታቸውና እግራቸው ወደ ጎን ይከፈታል።

የሚዛወሩበት ቀን ማለዳ ይሁን፣ ማታ አይሁን። ቀኑን ሙሉ አዲሱን ቦታ ዞረው፣ ምግብና ውሃው የት እንዳለ አይተው ሲመሽ ይረጋጋሉ። መመገቢያውም መጠጫውም የድሮው ራሱ ይሁን። ክትባት ከወሰዱ ሦስትና አራት ቀን ሳይሞላቸው አታንቀሳቅሷቸው፤ የፈንግልም ሆነ የጉምቦሮ በሽታ ክትባት ሰውነታቸውን ያደክማል፣ ብርዱ ሲጨመርበት ይበዛባቸዋል። ከመምሸቱ አንድ ሰዓት በፊት በደንብ ይብሉ፤ ከደረታቸው በላይ ያለው የምግብ ከረጢት ሲዳሰስ ሞልቶ መሆን አለበት። ሌሊቱን የሚያሞቃቸው ያ ነው። ስምንት ሳምንት እስኪሞላቸው የጫጩት መኖውን አትለውጡ፤ ከብርዱ ጋር የመኖ ለውጥ አይደረብም።

ለዓይን ያዝ ሲያደርግ እዚያው ሁኑ። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ጫጩቶቹ ሳጥናቸውን ራሳቸው አያገኙም፤ በአንድ ጥግ ተከማችተው ይጮኻሉ። አንድ በአንድ በእጅ ማስገባት ነው። ሦስትና አራት ቀን ከተደረገ ይለምዱታል። ብርድ ከሚገድለው ይልቅ ብርዱን ሽሽት የሚገድለው ይበዛል፦ አንዱ በአንዱ ላይ ይወጣል፣ ከሥር ያሉት ታፍነው ያድራሉ፣ ጠዋት ላይ የሞቱት ሞቀው፣ ተጠፍጥፈው ይገኛሉ። ለዚህ የሳጥኑን አራት ማዕዘን በታጠፈ ካርቶን ክብ አድርጉ፤ ጥግ የሌለው ሳጥን ውስጥ መደራረብ ይቀንሳል። ድንገተኛ ድምፅና ብርሃንም ያከማቻቸዋልና በመጀመሪያው ሳምንት ደካማ ብርሃን ቢበራላቸው አይከፋም፤ እዚህ ላይ ኤልኢዲው ይጠቅማል። ቆጥ በአምስተኛው ሳምንት ከ20 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ከፍታ ማስገባት ይቻላል፣ ለመልመድ ያህል እንጂ በብርዱ ወራት መሬት ላይ ተጠጋግተው ቢያድሩ ይሻላቸዋል።

የ45 ቀን ጫጩት የገዛችሁ «ይህ ሁሉ አልፏል» እንዳትሉ። ብዙዎቹ ያደጉት ቢሾፍቱ ወይም አዳማ አካባቢ ነው። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር አካባቢ ናት፣ አዳማ ከዚያም ታንሳለች፤ ሌሊታቸው ከእኛ ሌሊት ይሞቃል። በዚያ ላይ በመቶ በሚቆጠሩ ጫጩቶች መካከል ተጠጋግተው ያደሩ ናቸው፣ እናንተ ደግሞ ስድስቱን ብቻ ወስዳችሁ ለብቻ ታሳድራላችሁ። ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ሙቀት የተቋረጠላቸው ስንት ቀን ሆነው? ከሳምንት በታች ከሆነ ወይም መልስ ከሌለ፣ ከአምስት እስከ ሰባት ሌሊት ቤት ውስጥ አሳድሩና ከዚያ ወደ ደጅ።

ከወጡ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ኩሳቸውን በየማለዳው ተመልከቱ። ደም የቀላቀለ ወይም ቡናማ ውሃ የመሰለ ኩስ፣ ላባ መንጨብረርና ዓይን መክደን ካያችሁ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት ተውሳክ በሽታ ሊሆን ይችላል። በሦስተኛውና በስድስተኛው ሳምንት መካከል በብዛት ይመጣል፣ እርጥብና ሞቅ ያለ ጉዝጓዝ ይስማማዋል። ውሃ መጠጫው ዙሪያ ያለውን እርጥብ ሰጋቱራ በየቀኑ ማውጣት ከመድኃኒቱ ይቀድማል። ምልክቱ ከታየ ሳይዘገይ ወደ እንስሳት መድኃኒት ቤት ነው፤ አምፕሮሊየም የሚባለው መድኃኒት በውሃ የሚሰጥ ሲሆን መጠኑ እንደ ማሸጊያው ይለያያል፣ ባለሙያው የሚላችሁን ያዙ።

ጠዋት ቀዝቅዛ፣ አንገቷን ደፍታ የተገኘች ጫጩት ሞታለች ማለት አይደለም። በደረቅ ጨርቅ አድርቋት፣ 35 ዲግሪ ያህል ወዳለበት ሳጥን አስገቧት ወይም ከልብሳችሁ ሥር ደረታችሁ ላይ ያዟት። እግሯ ላይ እስክትቆም ምግብም ውሃም በግድ አታስገቡላት፣ ወደ ሳንባዋ ይገባል። ስትቆም ለብ ያለ ውሃ ጥቂት ስኳር ተጨምሮበት ከአፏ ጫፍ ይነካላት። የዳነችው በዚያኑ ቀን ማታ ወደ ደጅ አትመለስም።

ሐበሻ ዶሮ ታቅፋ የፈለፈለቻቸው ከሆኑ ግን ከላይ ያለው ሁሉ ይቀላል። እናት ካለች አምፖል አያስፈልግም፤ ከ10 እስከ 12 ጫጩት ከሥሯ ታሞቃለች፣ በሦስተኛው ቀን ደጅ ታወጣቸዋለች፣ ሲበርዳቸው ራሳቸው ሮጠው ይገቡባታል። የሚጠበቅባችሁ ደረቅ ማደሪያ፣ ከጭልፊት መከለያና ከዝናብ መጠለያ ነው። እናትየው በሁለተኛው ወር ገደማ መግፋት ትጀምራለች። ያ ሳምንት ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ከዋለ ገፍታቸው የሚያድሩበትን ሳጥን ቀድማችሁ በጭድ አሽጉት፤ ለጊዜው እነርሱም እናት የሌላቸው ጫጩቶች ናቸው።